ቀፎው የማን ነው?

በመንዝ ማር ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ማር ቆራጩ ወንድ ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥተን የጓሳን ዳር መንደሮች ስንጎበኝ ግን ቀፎውን በጭቃና በእበት የሚለቀልቁት፣ ጠጁን የሚጥሉት፣ ሰሙን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚያነጥሩት እናቶች መሆናቸውን አየን።

ጓሳ ራሱ የቆየው በጥበቃ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ በቄሮ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሲከፈት ባለርስቱ ያጭድ ነበር። ጦስኙና አስታውም አብረው ተርፈዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኋላ ነዋሪው ጥበቃውን በራሱ መልሶ አቋቋመ።

በዚያ ዘመን ርስት በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር (ይህን ብዙዎቻችን አናስታውስም)። የእኛ አባላት ቀፎ ግን ዛሬም የተመዘገበው በባል ስም ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የምንነጋገረው በዚሁ ላይ ስለሆነ፣ የቀፎአችሁን ቁጥር ይዛችሁ ኑ።