መሐንዲሱ፣ ፉንዲውና የማድ ቤቷ ዳኛ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ተረቱ የተነገረው ለሹም ሽር ነው። ነገር ግን ምሳሌነቱን ትተን ስለ ጉልቻው ብቻ ብንጠይቅ መልሱ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። ከአርባ ዓመታት ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ጉልቻው በእርግጥ ተለውጧል፤ ወጡን ባያጣፍጠውም የከሰሉን ወጪ አቃሎታል። ይህ ለውጥ የአንድ ሰው የፈጠራ ውጤት አይደለም። ልኬትና ንድፍ ይዞ የመጣው መሐንዲስና መዶሻ የጨበጠው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሲከራከሩ፣ ሲናናቁ፣ በመጨረሻም ሲማማሩ የተወለደ ነው። ታሪኩን መለስ ብሎ ማየት የሚጠቅመው፣ ዛሬም ንድፍ አውጪውና ሠሪው አንዱ ሌላውን «አያውቅም» ሲል ስለምንሰማ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስማቸው ጥቂት እንበል። «መሐንዲስ» ከዐረብኛ የተዋስነው ቃል ነው፤ ስዋሂሊም ያንኑ ቃል ወስዶ «ምሐንዲሲ» ይላል። የቃሉ ሥር ወደ ፋርስኛ ተሻግሮ «ልክ፣ መጠን» ከሚል ትርጉም ጋር ይያያዛል። እንግዲህ መሐንዲስ ማለት በመሠረቱ የሚለካ ሰው ነው። በእጁ የሚሠራውን ባለሙያ ደግሞ ስዋሂሊ «ፉንዲ» ይለዋል። በናይሮቢ ፉንዲዎች ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ ስለሚሠሩ የሥራ ዘርፋቸው በሙሉ «ጁዋ ካሊ» ተባለ፤ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ነው። አንዱ የተጠራው በልኬቱ፣ ሌላው ጀርባውን በሚያቃጥለው ፀሐይ ነው። የሁለቱ ክርክር ከስማቸው ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኬንያውያን «ጂኮ» የሚሉት አሮጌው የከሰል ምድጃ ከቆርቆሮ ብቻ የሚሠራ ነበር። ምድጃውን ወደ አገሪቱ ያስገቡት፣ እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ለመሥራት የመጡ ሕንዳውያን ሠራተኞች እንደሆኑ ይነገራል። የናይሮቢ ፉንዲዎች ከአሮጌ በርሜልና ከወዳደቀ ብረት እየቆረጡ፣ ቁራጭ የባቡር ሐዲድን እንደ መስፍ እየተጠቀሙ ሲቀጠቅጡት ኖሩ። ርካሽና ቀላል ነበር፤ ሲያረጅም በቀላሉ ይተካል። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ሙቀቱ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል አየር ላይ ይባክናል፣ ልጅም ከነካው ይቃጠላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር የዓለም ትኩረት ወደ ኃይል ምንጭ ዞረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ኤሪክ ኤክሆልም ድሆች የሚያነዱት እንጨትም «ሌላው የኃይል ቀውስ» መሆኑን በአንዲት አነስተኛ ጽሑፍ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ መሐንዲሶች ወደ ማድ ቤት ጎራ ማለት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተባበሩት መንግሥታት ስለ አዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች የጠራው ጉባኤ በናይሮቢ ሲካሄድ፣ ምድጃ የቤት እመቤቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥታት አጀንዳ ሆኖ ነበር።

በዚሁ ዘመን የኬንያ ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም መካከል ስሙ በተደጋጋሚ የሚነሣው ማክስዌል ኪንያንጁዪ፣ ዓይናቸውን ወደ ታይላንድ አቀኑ። የታይላንድ ምድጃ በቆርቆሮ ባልዲ ውስጥ ወፍራም የሸክላ ጎድጓዳ የተገጠመለት ነው። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል፤ ከሰሉም ቀስ ብሎ ይነዳል። በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ወረቀት አይቀጠቀጥም። ሙሉ በሙሉ በሸክላ የተሞላ ባልዲ ከባድ ነው፤ ለሸክላ ሠሪውም ለገዢውም ዋጋው ይበዛል። ብረትና ሸክላ በሙቀት ጊዜ እኩል ስለማይሰፉ፣ አንዱ ሌላውን ሲገፋ ሸክላው ይሰነጠቃል። ከሁሉም በላይ ፉንዲው የብየዳ መሣሪያ የለውም፤ ቆርቆሮውን አጥፎና ቀጥቅጦ ነው የሚያጋጥመው። ስለዚህ ምድጃው መለወጥ ነበረበት፤ ተለወጠም። ዛሬ የምናውቀው የኬንያ ጂኮ ወገቡ ቀጠን፣ አፉና መቀመጫው ሰፋ ያለ ነው። ሸክላው የሚገባው ከወገብ በላይ ብቻ ነው፤ ታችኛው ክፍል አመድ ይቀበላል፣ በበሩም አየር ያስገባል። በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ሲሚንቶና ቨርሚኩላይት የሚባል ማዕድን ተደባልቆ ይለጠፋል፤ ይህም ሁለቱን ያያይዛል፣ ሙቀቱንም ያግዳል። ፉንዲው የተጻፈ ልኬት ማንበብ አያስፈልገውም፤ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ናሙና ላይ አስተኝቶ በምስማር ይጭራል፣ ይቆርጣል፣ ያጥፋል። ንድፉ ከወረቀት ወደ ቆርቆሮ ተዛወረ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች እስከ 15 የአሜሪካ ዶላር ድረስ ይሸጡ ስለነበር ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ዋጋውን ያወረደው የመሐንዲሱ ስሌት ብቻ አልነበረም። አሠራሩን የሚከለክል የባለቤትነት መብት ባለመኖሩ፣ አንዱ ፉንዲ ከሌላው እያየ፣ እያሻሻለና እየተወዳደረ ሲያመርት ዋጋው ወደ 3 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኬንያ ከ700,000 በላይ እንዲህ ያሉ ምድጃዎች በሥራ ላይ ነበሩ።

ታዲያ ፉንዲው ሁልጊዜ ልክ ነበርን? አልነበረም። ዋጋ ለመቀነስ ሲል ቆርቆሮውን አሳሳ፤ ሲሚንቶውን አጎደለ፤ በቅጡ ያልተተኮሰ ሸክላ ገጠመ። እንዲህ ያለው ምድጃ ከሩቅ ሲታይ ጂኮ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሸክላው ረግፎ አሮጌው የቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል። መሐንዲሱ «አበላሹት» ብሎ ሲያማርር እውነት ነበረው። ፉንዲውም «ባንተ ዋጋ ማን ይገዛዋል?» ሲል እውነት ነበረው። ሁለቱም በየፊናቸው ልክ በመሆናቸው ክርክሩ ረዘመ፤ ፍሬ ያፈራውም ስለዚህ ነው።

ክርክሩን የሚዳኝ ሦስተኛ ወገን ያስፈልግ ነበር። የምድጃ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጊዜያዊ የፍተሻ ደንብ ሦስት ዓይነት ፈተና ደነገጉ። የመጀመሪያው ውኃ ማፍላት ነው፤ ስንት ማገዶ ስንት ውኃ እንዳፈላ ይመዘናል። ሁለተኛው በምርመራ ጣቢያ እውነተኛ ምግብ ማብሰል ነው። ሦስተኛው በቤተሰቡ ማድ ቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ ነው። የፈተናዎቹ ቅደም ተከተል ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል፦ ከቤተ ሙከራ ተነሥቶ የሚያልቀው ምድጃው አጠገብ በተቀመጠችው ሴት ፊት ነው። እርሷ መቶኛ አትቆጥርም፤ ድስቱ እንዳይወላገድ፣ ጢሱ ዓይኗን እንዳይለበልብ፣ ከሰሉም ለሳምንት እንዲበቃት ትፈልጋለች። የመሐንዲሱን ቁጥርም የፉንዲውን ብልሃትም የምታጸድቀው እርሷ ናት።

ይህ ትምህርት ከኬንያ ተነሥቶ ወደ ኡጋንዳ፣ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያም ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ከኬንያው ጂኮ የተቀዳችው የከሰል ምድጃ «ላቀች» ተባለች፤ ከቆርቆሮው ምድጃ አንጻር ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ማድ ቤት የራሱ ጥያቄ ነበረው። ውኃ ማፍላት ስለ እንጀራ አይናገርም፤ ምጣድ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሞቅ አለበት፤ አለበለዚያ እንጀራው መሐሉ አርሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ለዚህ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ይከባል፤ የሚሠራውም ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከኋላ በኩል ጢሱ በሚወጣበት ቦታ ድስት ይጣድበታል፤ ሊባክን የነበረው ሙቀት ወጥ ያሞቃል ማለት ነው። በጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያድናል።

እዚህም ክርክሩ አልቀረም። ላቀችን የሚመስሉ፣ ነገር ግን ልኩን ያልጠበቁ ምድጃዎች በመርካቶ ገበያ ሞሉ። የምርጥ ግድግዳም ወፍራምና ከባድ በመሆኑ፣ ሲሚንቶው እንዲቀንስና ዋጋው እንዲቀል ኋላ ቀጠን ያለው ዓይነት ተሠራ። ምጣዱን የምትሠራው ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ ናት። እርሷ በለመደችው ልክ ትሠራለች፤ ምድጃውም ከምጣዷ መግጠም አለበት። ምድጃው ምጣዱን ካልተቀበለ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው።

በእኛ ዘንድ ነገሩ ከቀልድ የከበደ ታሪክ አለው። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሆኖ ሳለ ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» ተብሎ ተገልሏል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸው ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ መሐንዲስ የሆነው ሰው ይህን ንቀት ሳያውቀው ሊወርስ ይችላል። ቀጥቃጩም በበኩሉ ንቀቱን እየታወሰው ከተማረ ሰው ምክር ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። በእንዲህ ዓይነት መካከል የሚደረግ ፉክክር ፍሬ የለውም። የምድጃው ፉክክር የሠመረው አንዱ ሌላውን ማዘዝ ስላልቻለ ነው፦ መሐንዲሱ ያለ ፉንዲው አንድ ምድጃ እንኳ ገበያ ማድረስ አይችልም፤ ፉንዲውም ሸክላው ለምን እንደሚሰነጠቅ ያወቀው ከሚለካው ሰው ጋር በመነጋገሩ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ዕዳ ሳይከፈል ቀርቷል። ንድፍ ያወጡትና ሙቀት የለኩት ሰዎች ስም በጥናቶችና በዘገባዎች ሰፍሯል። ቆርቆሮውን በየትኛው መሥመር ቢያጥፉት እንደሚጠብቅ፣ ብየዳ ሳይነካው እንዴት እንደሚጸና ያወቁት ሰዎች ግን «የአካባቢው ባለሙያዎች» ተብለው በጅምላ ታልፈዋል። ምድጃው ከነድፉም ከቀጥቃጩም እጅ የወጣ ነው፤ ታሪኩም የሁለቱንም ስም መያዝ ይገባዋል። በናይሮቢ ካሙኩንጂም ሆነ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የመዶሻው ድምፅ ዛሬም ይሰማል፤ ጠጋ ብሎ ስም የሚጠይቅና የሚመዘግብ ሰው ቢገኝ የሚናገሩት ብዙ ነው።