አድኃሪ

አድኃሪ (አንዳንዴ «አድሃሪ») ለውጥን የሚቃወም፣ በተለይም የወደቀ ሥርዓት እንዲመለስ የሚሻ ሰው ወይም ቡድን የሚፈረጅበት የፖለቲካ ቃል ነው። ሥሩ ግእዝ ነው፤ «ድኅረ» በኋላ፣ «አድኀረ» ወደ ኋላ አደረገ ማለት ነው። ተቃራኒው «ተራማጅ» ነው። ሁለቱም የጉዞ ቃላት ስለሆኑ፣ ፊት የቱ ኋላስ የቱ እንደሆነ አስቀድሞ የወሰነ ወገን ከሌለ ትርጉም አይሰጡም።

አስተሳሰቡ የመጣው ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ከተለመደው የአውሮፓ ፖለቲካ ቋንቋ ሲሆን፣ ወደ አማርኛ ያስገቡት በዋናነት የ1960ዎቹ ተማሪዎች የማርክሲስት ንባብና ክርክር ናቸው። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ቃሉ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ራዲዮና ቀበሌ ገባ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ የቀድሞው ባለርስት ዋነኛው አድኃሪ ሆነ፤ የእነ ራስ መንገሻ ሥዩም ድርጅት ኢዲዩም በዚሁ ስም ተጠራ። ወታደራዊውን መንግሥት ደርግን የተቃወመው ኢሕአፓ ግን ራሱ ግራ ዘመም ስለነበር ቃሉ እምብዛም አልገጠመውም። ለእሱ «አናርኪስት» ተገኘለት፤ ሌላው የግራ ድርጅት መኢሶን ከደርግ ሲለይ ደግሞ «ቀኝ መንገደኛ» ተባለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ከእነዚህ ስሞች አንዱ የተለጠፈበት ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቃሉ ደበዘዘ፤ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»ና «ኪራይ ሰብሳቢ» ተተኩ፣ ከ2010 ወዲህም «ፀረ ለውጥ»።

አድኃሪን ከ«ወግ አጥባቂ» ጋር ማምታታት ስሕተት ነው። ወግ አጥባቂ ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰው አለ፤ አድኃሪ ግን ሁልጊዜ ሌላው ነው። ለምሳሌ በሰባት ቤት ጉራጌ ትውፊት የቃቄ ውርድወት የሴቶችን የፍቺ መብት ጥያቄ ይዛ የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማለች። ባሏ ፈቅዶ ያልለቀቃት ሴት ሌላ ወንድ እንዳታገባ የሚያስረውን «አንቂት» የተከላከሉት ሽማግሌዎች ባህላዊ ሕጋቸውን «ቂጫ»ን የጠበቁ ወግ አጥባቂዎች ነበሩ። የፈረሰ ነገር አልነበረምና የሚመልሱት አልነበራቸውም።

የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ የወልቂጤ ጉዳይ ግን ለመፈረጅ ከዚህ ይከብዳል። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ዞኑ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ጠየቀ። መንግሥት የደቡብ ክልልን በሌላ መልክ ሲያደራጅ፣ ዞኖችን በአንድ የጋራ ክልል የሚያሰባስበውን «ክላስተር» የተባለ አደረጃጀት የተቃወሙ የወልቂጤ ነዋሪዎች በነሐሴ 2014 ሱቅ ዘግተው ከቤት ባለመውጣት አድማ መቱ። የታቀደውን አዲስ አደረጃጀት ስለተቃወሙ ለውጥን ተቃዋሚ ሊባሉ ይችላሉ፤ የጠየቁት ክልል ግን ከዚያ በፊት ያልነበረ ነው። ከዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2015፣ ዞኑን ያቀፈው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ።