የማንን ክረምት ነው የለበስነው?

ነሐሴ ላይ ዲላ ገበያ ውስጥ ነን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ጭቃው እንደሆነ አያባራም። ከቦንዳ በተፈታ የልብስ ክምር ላይ አንድ ከቡሌ የወረደ ገበሬ ጎንበስ ብሎ ሹራብ ይመርጣል። ያነሣው ሹራብ ደረቱ ላይ ቀንዳም አጋዘን፣ ዙሪያውን ደግሞ ነጫጭ የበረዶ ኮከቦች አሉት። እኛ ሳቅን። እሱ ግን ሹራቡን ገልብጦ የውስጡን ክር አየ፣ እጅጌውን ሳብ አደረገ፣ ወደ ብርሃን ዘረጋና "ይሄ ነፋስ ያስገባል" ብሎ መልሶ ጣለው።

እውነቱን ለመናገር ከእኛ ሳቅ የእሱ ሂስ በለጠ። እኛ የከተማ ልጆች ሹራብ ስናይ የምናየው ቀለምና ፋሽን ነው። ሰውዬው የጠየቀው ግን ይሄ ነገር ለማን ብርድ ተሠራ የሚለውን ነው። ጥያቄው ይዞን ወደ ታሪክ ገባ።

ሲጀመር "የበረዶ ኮከብ" ያልነው በረዶ አይደለም። (እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ አናውቅም ነበር።) ስምንት ቅጠል ያላት አበባ ናት። ቅርጿ የቆየ ቢሆንም በሹራቡ ዓለም ስም ያወጣችው ሰልቡ በምትባል የኖርዌይ ገጠር ነው። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1857፣ እዚህ አጼ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው፣ ማሪት ኤምስታድ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ በጥቁርና በነጭ ክር ጓንት ሠርታ አበባዋን አኖረችበት። ጎረቤት ከእሷ ቀዳ፣ አገር ከጎረቤት ቀዳ። በ1930ዎቹ ሰልቡ በዓመት ወደ 100,000 ጥንድ ጓንት ታመርት ነበር። አንዲት ገጠር በራሷ ብርድና በራሷ አበባ እንጀራ በላች ማለት ነው።

የቪ አንገቱስ? እሱም ባለ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ (ኋላ ኤድዋርድ 8ኛ የተባለው) ፌር አይል ከምትባል የስኮትላንድ ደሴት የመጣ ባለ ንድፍ ሹራብ ለብሶ ጎልፍ ሲጫወት ታየ፤ ፋሽኑም ተዛመተ። አንገቱ የተከፈተው ሸሚዝና ክራቫት እንዲታይበት ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ታሪኩን የሚነግሩን ቃላቱ ናቸው። "ሹራብ" በሱዳንና በግብፅ ዓረብኛ ካልሲ ነው። ካልሲ፣ ጓንትና ማሊያ ከጣሊያንኛ መጡ፤ ኪሮሽ ከፈረንሳይኛ። ይህ ሁሉ ብርድን ስለማናውቅ አይደለም። የመንዝ ሰው ከበጉ ጸጉር ባናና በርኖስ ሲሠራ ኖሯል። ያ ግን ሽመና ነው። በሁለት ሽቦ ክር እያቆላለፉ ሹራብ መሥራት ከነንድፉ ከውጭ መጣ፤ እናቶቻችንም በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ እንዳለ ተማሩት። ክሩን ለወጥን፣ ቀለሙን ለወጥን፣ ንድፉን ግን ለእኛ ሰማይ ይሁን አይሁን ብለን አልጠየቅንም።

ጌዴኦን ውሰዱ። ትንሽ ዞን ነው፤ ግን ወደ አባያ ሐይቅ በኩል ካለው ከ1,300 ሜትር ግድም ተነሥቶ ቡሌ ላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ዲላ በሸሚዝ የዋለ ሰው ቡሌ ሲያድር ጋቢ ይለምናል። ብርዱ ደግሞ እርጥብ ነው። የኖርዌይ በረዶ ከትከሻ ላይ ይራገፋል፤ የእኛ ዝናብ ክሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ በወፍራም ክር ላላ ተደርጎ የተሠራው ሹራብ ካፖርት ካልተደረበበት ነፋስ ማስገቢያ ነው። የሻርፑ ረጃጅም ዘርፍ ውኃ ይጠጣል። ኮፍያው አናት ላይ ያለችው የክር ኳስም ለፎቶ ታምራለች፤ ከሁሉም መጨረሻ የምትደርቀው እሷ ናት።

ከሁሉ የሚያናድደን ግን የተማሪ ሹራብ ነው። ወላጅ መስከረም ሲጠባ ከደብተር ጋር የሚገዛው ዩኒፎርም አብዛኛው ቪ አንገት ነው። ለክራቫት የተከፈተ አንገት፣ ክራቫት ለሌለው ልጅ! ዲላ ላይ ልጁ ወገቡ ላይ ያስረዋል። የቡሌው ልጅ ግን ደረቱን ለጉም ከፍቶ ይሄዳል።

የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ካለ 2010 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሎ፣ ክረምቱን በየትምህርት ቤቱ፣ በየጅምር ሕንፃውና በላስቲክ ሥር አሳለፈ። እዚያ አንድ ሹራብ ነፋስ ያስገባል ወይስ አያስገባም የሚለው የጤና ጥያቄ ነበር።

ታዲያ ምን ይሁን? በየከተማው በእጅ ማሽን ሹራብ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። አንገቱን ዘጋ፣ ክሩን ጠበቅ፣ የእጅጌውን ጫፍ ያዝ ማድረግ አዲስ ፋብሪካ አይጠይቅም። ጌጥም ከተፈለገ አላጣንም፤ የጋሞ ሸማኔ ጥለት አለ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ትክል ድንጋዮችም አሉ።

ድንጋዩን ደረት ላይ ከማስፈራችን በፊት ግን አንገቱን እንዝጋ።