ዜና መንሱራ ወዓደን

ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን። በ1839 በጥር ወር ሄይንስ የተባለ እንግሊዛዊ ካፒቴን የየመኗን የወደብ ከተማ ዓደንን በመድፍ ያዘ። በዚያ ወራት በከተማይቱ የነበረው ሕዝብ ስድስት መቶ ያህል ነፍስ ነበር። በ1850 ከቀረጥ ነጻ ወደብ ትሁን ተብሎ ታወጀ፤ በ1869 የስዌዝ ቦይ ሲከፈት የእንፋሎት መርከቦች ከሰል ሊጭኑ ጎረፉባት፤ የኛው የሐረር ቡናም በዘይላ ተሻግሮ እዚያ ይሸጥ ነበር። በ1954 የነዳጅ ማጣሪያ ቆመ፣ የሠራተኛውም ቁጥር በዛ። በሰኔ 1967 ቦዩ ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 30 ቀን እንግሊዞች ወጡ፣ ወደቡም ጸጥ አለ።

ብዙዎች ውድቀቷን በቦዩ ያሳብባሉ። ነገር ግን ቦዩ በ1975 ዳግም ሲከፈት መርከቦቹ እንደ ቀድሞው አልተመለሱም። መርከቦቹ ተለውጠው ነበር፣ ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም በ1969 አዲሱ መንግሥት የውጭ ባንኮችንና የመድን ኩባንያዎችን ወርሶ ነበርና፣ ነጋዴው ዕቃውን በማን ዋስትና ያራግፍ? ጥልቅ ወደብ መርከብን ይጠራል እንጂ አያቆይም። ለዚህ መንሱራ ራሷ ምስክር ናት። በ1999 በዓደን ከተማ የመንሱራ አውራጃ፣ ካልቴክስ በሚባለው ስፍራ፣ የሲንጋፖር ኩባንያ የሚያስተዳድረው የኮንቴይነር ወደብ ተከፈተና ሥራው እያደገ ሄደ። በጥቅምት 2002 ሊምበርግ የተባለች የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ፈንጂ ፈነዳ። ቦታው ከዓደን በስተምሥራቅ፣ እጅግ ርቆ በሙከላ ባሕር ዳርቻ ነው፤ በመንሱራ አንድ ክሬን እንኳ አልተነካም። የመድን ዋጋ ግን ናረ፤ መርከቦቹ ወደ ሳላላና ወደ ጅቡቲ ዞሩ፤ ሲንጋፖሮችም በ2003 ጥለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ወደቡን የያዘው የዱባይ ኩባንያ ሆን ብሎ አዳከማት የሚሉ አሉ፤ ቅሬታው ከንቱ ነው አልልም። ዳሩ ግን በ2012 ውሉ ፈርሶ ወደቡ በየመናውያን እጅ ሲገባም የቀድሞው የጭነት ብዛት አልተመለሰም፤ ከዚያ በ2015 የየመን ጦርነት ደረሰ። በ2022 የሑቲ ታጣቂዎች የድሮን ጥቃት የመንግሥቱን የነዳጅ ኤክስፖርት አቆመ። በነሐሴ 2025 የየመን ሪያል ሲያገግም ደስታ ሆነ፣ ነገር ግን የምንዛሪ ማገገም የጭነት መጨመር አይደለም። ጉዳዩን በትክክል የያዘው፣ የየመን መንግሥት በ2023 የመርከቦችን የጦርነት መድን ለማርከስ 50 ሚሊዮን ዶላር መያዣ ሊያስቀምጥ ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር የተስማማበት ውል ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኅዳር፣ ሑቲዎች በቀይ ባሕር ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ጠለፉ፤ የመድኑም ዋጋ እንደገና ሰማይ ወጣ።