ስም ያልተጻፈላት አንባቢ

ወጣቷ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ጀርባዋን ትልቅ ትራስ ላይ አስደግፋ፣ በቀኝ እጇ የያዘችውን ትንሽ መጽሐፍ ታነባለች። ማን እንደሚያያት ግድ አልሰጣትም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ኦኖሬ ፍራጎናር እ.ኤ.አ. በ1769 ገደማ በዘይት ቀለም የሣላት ይህች አንባቢ ዛሬ የምትገኘው በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ነው።

ፍራጎናር በ1732 በግራስ ከተማ ተወልዶ በፓሪስ ያደገ፣ ሐርና ላባ የሚወደው የሮኮኮ ዘመን ልጅ ነበር። በ1769 ገደማ የፓሪስን ባለጸጎች በጥድፊያ ይሥላቸው ነበር፤ ከሥዕሎቹ የአንዱ ጀርባ በአንድ ሰዓት ማለቁን ይመሰክራል። የአንባቢዋን አንገትጌ ቅርብ ሆኖ ላየው፣ ሽንሽኑ ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሹ እንጨት ጫፍ የተጫረ ነው።

ስለ አንባቢዋ ማንነት ክርክር የተነሳው ከቀለሙ ሥር ነው። በ1985 ሥዕሉ በኤክስሬይ ሲታይ ወደ ተመልካቹ የዞረ ሌላ ፊት ተገኘ፤ የወንድ ነው ተባለ። በ2012 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ የፍራጎናር 18 ትንንሽ ንድፎች ያሉበት አንድ ወረቀት ለጨረታ ቀረበ። ከአንዱ በቀር በሁሉም ሥር ስም ተጽፏል። በዚህ ወረቀት ምክንያት የሉቭር ሙዚየም ለረጅም ጊዜ ፈላስፋው ዲድሮ ነው ሲል የኖረውን የፍራጎናር ሥዕል ዲድሮ አይደለም ለማለት ተገደደ። ስም ያልተጻፈበት ንድፍ የአንባቢዋ ነው፤ እዚያ ግን ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። የጋለሪው ባለሙያዎች በረቀቀ የምስል መሣሪያ ሲመረምሩ፣ ወንድ የተባለው ፊት ትልቅ የላባ ጌጥ በራሷ ላይ የደፋች ሴት ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ሠዓሊው ልትታይ የተቀመጠችን እመቤት ላባዋን አውልቆ አንባቢ አደረጋት። ስሟ ቢቀርም ክብሯ የጨመረ ይመስለኛል።

ሥዕሉ በ1961 በኤልሳ ሜሎን ብሩስ ስጦታነት፣ ለአባቷ ለአንድሩ ሜሎን መታሰቢያ ጋለሪው ገባ።

ብዙ ወገኖቻችን በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ይኖራሉ፤ የጋለሪው መግቢያም በነጻ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ አንገትጌዋን፣ ቀጥሎም ላባው የተደፈነበትን ከራሷ በላይ ያለውን ቦታ አሳዩአቸው።