የትንሿ ግራጫ ትራክተር ነገር

ትንሽ መሬት ያላችሁና ለትንሽ ትራክተር ገንዘብ የቋጠራችሁ ሁሉ፣ እስቲ ጠጋ በሉ። ስለ ዋጋና ስለ ፈረስ ጉልበት ከመከራከራችን በፊት የአንድ አየርላንዳዊ ታሪክ ላውጋችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ሰውዬው ሃሪ ፈርጉሰን ይባላል። በ1884 በሰሜን አየርላንድ፣ በዳውን አውራጃ፣ ከገበሬ ቤት ተወለደ። ገበሬ አሳደገው እንጂ እርሻ አልወደደም። በ1902 ቤልፋስት ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ብስክሌትና መኪና መጠገን ያዘ። እጁ ግን በዚህ የሚረካ አልነበረም፤ አውሮፕላን ሠራ። ዲሴምበር 31 ቀን 1909 በገዛ እጁ በሠራት አውሮፕላን ከመሬት ተነሣ፤ በአየርላንድ ሰማይ በአውሮፕላን የበረረ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ።

ከእርሻ የሸሸውን ሰው እርሻ ተከትሎ ያዘው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምግብ አስወድዶ ነበርና በ1917 መንግሥት ጠርቶ በአገሩ ያሉትን ትራክተሮች አሠራር እንዲከታተል አዘዘው። ረዳቱን ዊሊ ሳንድስን አስከትሎ ከማሳ ማሳ ዞረ።

ምን አየ መሰላችሁ? ፈረሱ ወጥቶ ሞተር ገባ እንጂ ማረሻው እንደ ድሮው ከኋላ ይጎተታል። ትራክተሩ መሬት ቆንጥጦ እንዲጎትት ከባድ መሆን አለበት፤ ከባድ ሲሆን ደግሞ የሚያርሰውን አፈር መልሶ ይደፈጥጠዋል። የባሰው ድንጋይ ሲመጣ ነው። ማረሻው ተቀርቅሮ አልንቀሳቀስ ሲል ሞተሩ መግፋቱን አይተውም፤ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣና ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ነጂውም ከሥር ይቀራል።

ሌላው ሰው መፍትሔውን በትልቅ ሞተር ሲፈልግ ፈርጉሰን ማያያዣውን ይዞ ተቀመጠ። ማረሻውንና ትራክተሩን አንድ አካል ሊያደርጋቸው ፈለገ። ዓመታት ፈጀበት፤ ለዋናው ፈጠራ በ1925 የባለቤትነት መብት አመለከተ፣ ኋላም ሦስት ክንድ ያለው መልክ ያዘ።

አሠራሩን ልብ በሉ። ሁለት ክንዶች ከታች፣ አንድ ክንድ ከላይ። የታችኞቹ ማረሻውን ይጎትታሉ። አፈሩ ማረሻውን ሲይዘው ማረሻው ወደ ፊት መደፋት ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ይገፋል፣ ግፊቱም የፊት ጎማው እንዳይነሣ ያደርጋል። ይኸው ግፊት ክንዶቹን በዘይት ኃይል ለሚያነሣው ሃይድሮሊክ ምልክት ይሆነዋል፤ መሬቱ ሲጠነክር ማረሻውን በትንሹ ከፍ፣ ሲላላ ዝቅ ያደርገዋል። የማረሻው ክብደትም በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ይህን የአገራችን አራሽ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ እርፉን ጨብጦ ድንጋይ ሲነካው ቀና፣ አፈሩ ሲለሰልስ ጫን የሚያደርገው ያ እጅ፣ ፈርጉሰን በዘይትና በብረት የሠራው እሱኑ ነው።

በ1936 ከእንግሊዛዊው የፋብሪካ ባለቤት ከዴቪድ ብራውን ጋር ተሻርኮ የመጀመሪያዎቹን ትራክተሮች ለገበያ አወጣ፤ ብዙ አልተሸጡም። በ1938 ትራክተሩን አስጭኖ አሜሪካ ሄደና ለሄንሪ ፎርድ አሳየው። አዛውንቱ ፎርድ ወደደው። ጠበቃ የለ፣ ወረቀት የለ፣ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ትራክተሩ በ1939 ከፋብሪካ ወጣ። የቃል ውል ግን ከቃል ሰጪው ዕድሜ ብዙም አልተሻገረም። በ1947 የፎርድ የልጅ ልጅ ስምምነቱን አቋረጠ፤ በማያያዣው ግን መጠቀሙን አልተወም። ፈርጉሰን ከሰሰ፤ በ1952 ዘጠኝ ከሩብ ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ታረቀ።

እሱ እቴ፣ የፍርድ ቤቱን ደጅ እየጠና ሥራውን አላስተጓጎለም። ከ1946 ጀምሮ በእንግሊዝ ኮቨንትሪ ከተማ ቲኢ 20 የምትባለው ትንሿ ግራጫ ትራክተር ትመረት ነበር። ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይዘል፤ ጉልበቷ ከ30 ፈረስ በታች። እስከ 1956 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ተሠራች። የኤቨረስትን ተራራ የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ሰንሰለት አልብሶ ጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚሁ ትራክተሮች ነው። የፈርጉሰን ድርጅት በ1953 ከማሲ ሃሪስ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ የምታውቁት ቀዩ ማሲ ፈርጉሰን የዚያ ጋብቻ ልጅ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ግዢ። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያወድስላችሁ፣ እናንተ ዞራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። እርፍ የጨበጠ ወደ ኋላ አይይ ቢባልም ትራክተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት ኋላውን ነው። ሦስቱ ክንዶች አሉ? መጠናቸው ከምትገዙት ማረሻና መከስከሻ ጋር ይገጥማል? የትንንሾቹ መደበኛ መጠን አንደኛ ምድብ የሚባለው ነው። ያገለገለ ከሆነ ከባድ ዕቃ አስነሡበትና ሞተሩን አጥፉ። ዕቃው ወዲያው ዘጭ ካለ ሃይድሮሊኩ ደክሟል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ቀጥሎ ፒቲኦውን፣ ማለት ከኋላ የተገጠመ መሣሪያ የሚያዞረውን ዘንግ፣ ጠይቁ፤ በደቂቃ 540 ዙር መስጠት አለበት። በትንሿ ግራጫ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ፒቲኦውም ሃይድሮሊኩም አብረው ይቆሙ ነበር፤ የምትገዙት መሥራቱን የሚቀጥል ቢሆን ይሻላል። ፊቱ ላይ አፈርና ዕቃ ማንሻ ሎደር ካለው ኋላው ይቀልላልና ከኋላ ማመዛዘኛ ክብደት ይኑረው። ጉቶ ስትነቅሉ ሰንሰለቱን ዝቅ ካለው መጎተቻ ላይ እንጂ ከላይኛው ክንድ ላይ አትሰሩ፤ ፈርጉሰን ያስቀረውን መገልበጥ በእጃችሁ መልሳችሁ ትጠሩታላችሁ። በተዳፋት ላይ ወደ ጎን መውደቅን ደግሞ ማያያዣው አይከለክልም፤ መከላከያ ብረትና ቀበቶ የሌለውን አትግዙ።

ማሳችሁ ከሄክታር የሚያንስና የተበጣጠሰ ከሆነ በእግር እየተከተሉ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተባብሮ መከራየት ያዋጣል። ሰፋ ያለ መሬት ካላችሁና ሁለት ትራክተር ፊት ለፊት ቆመው ካማረጧችሁ ግን ፍርዴ ይኸው፤ ጉልበቱ አነስ ቢልም ማያያዣው የጸናውንና መለዋወጫው በቅርባችሁ ከተማ የሚገኘውን ውሰዱ።