ከፈረሰው ቤት የተረፈው

በለንደን ከተማ፣ ቢሾፕስጌት በተባለው መንገድ፣ ፖል ፒንዳር የሚባል ሀብታም ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ ያሠራው ትልቅ ቤት ነበር። ሰውየው ከ1611 እስከ 1620 በኢስታንቡል፣ በኦቶማን ሱልጣን ዘንድ የእንግሊዝ አምባሳደር ሆኖ አገልግሏል። ቤቱን የ1666ቱ የለንደን ቃጠሎ ሳይነካው አለፈ፤ ከዘመናት በኋላም መጠጥ ቤት ሆነ። በመጨረሻ በ1890 ለባቡር ጣቢያ ማስፋፊያ ፈረሰ። ሆኖም በእንጨት የተቀረጸው የቤቱ ፊት ተነቅሎ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀመጠ። እሳት ያልነካውን ቤት ልማት አፈረሰው፤ ታሪኩን ግን አንድ የእንጨት ገጽ አተረፈው።

እኛም አሮጌ ቤት ስናፈርስ የተቀረጸውን በርና መስኮት ለማገዶ አንስጥ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ የማን እንደነበረና ዘመኑን ጠይቀን እንጻፍ። ታሪኩ ያልተጻፈለት እንጨት ነገ ከማገዶ አይለይምና። አላህ ያግራልን።